አግዳሚ

ቬልትሩድ እባላለሁ፣ የክለቡ አጣቢ፣
ፊደል ብዙ አልቆጠርኩ፤ ግን የጭቃ አንባቢ።
የአጥቂውን ማልያ በደረቱ ሣር፣
የበረኛን ሱሪ በጉልበቱ አፈር፣
ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተጣለ፣
ማን ራሱን ጥሎ ዳኛ እንዳታለለ፣
ከገንዳው ጎን ቆሜ ሁሉን አውቀዋለሁ፤
ስለ ኤግበርት ኮቮሊክ ይህን እላለሁ።

ሲመጣ ልጅ ነበር፣ አንገቱ የሰለለ፣
አባቱ በሩር ጉድጓድ ሳንባው የከሰለ።
የግራ ተከላካይ፣ የሦስት ቁጥር ለባሽ፣
በኖራው መስመር ላይ ሲሮጥ ደርሶ መላሽ።
በግራ ዳሌው ላይ የሣር አረንጓዴ፣
ብፈትግ ብፈትግ የማይለቅ አንዴ፤
ጋዜጠኛ ያለፈውን፣ ሰው ያልጻፈለትን፣
በሳሙና ዳሰስኩ ዝም ያለ እልኹን።

ከዚያ ያች ቅዳሜ፤ የሊግ ማሳረጊያ፣
አሸንፎ ማደግ ወይ እዚያው መቆያ።
ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ፊሽካ ተነፋ፣
መቺው አነከሰ፣ አምበሉ ፊቱን አዞረ፣ ወኔው ጠፋ።
ዝምተኛው ወጣ፣ ኳሷን አስቀመጣት፣
እንደ እንቁላል አርጎ ነጥቧ ላይ አኖራት።
ሮጦ መታት። ጓ! አለ አግዳሚው ብረት፤
የሳሙናው ውኃ ገንዳው ውስጥ ሲርድ ያየሁ መሰለኝ በእውነት።

ያን ቀን ማልያው ንጹሕ ነበረ፤ አንድም ጭቃ የለው፤
ከሁሉ ልብስ ይልቅ ማጠቡ የከበደኝ እሱ ነው።

በዓመቱ ጉልበቱ። ሁለት ጊዜ ተቀዶ አልዳነ፤
ማልያውን አጣጥፎ፣ ካፖርት ደርቦ፣ አሰልጣኝ ሆነ።
አንደኛው አግዳሚ አናቱን የመታው፣
ሁለተኛው አግዳሚ መቀመጫ ሆነው።

በሰሜን፣ ወደብ ዳር፤ ስድስት ወር። ስንብት።
በደን መሃል ከተማ፤ ዓመት ከመንፈቅ፤ ከፍ አሉ፣ ወረዱ። ስንብት።
በምሥራቅ፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ፣
ደመወዝ በወር ሳይሆን በተስፋ በሚከፈልበት፣
በረኛው ከዳቦ ቤት ፈረቃው ዱቄት ለብሶ በሚመጣበት፣
እዚያ ትንሽ ቆየ። ፕሬዚዳንቱ ታሰረ። ስንብት።

ሚስቱ ሮስቪታ ሻንጣውን አትፈታም፣
"መጋረጃ አልሰቅልም" ትላለች፣ "እዚህም አንከርምም።"
ደብዳቤው ሲደርሰው አይቆጣም፤ ይነሣል፤
ኳሱን አንድ ባንድ ቆጥሮ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ይወጣል።
አንዴ ደወለልኝ፤ ሌሊት ነበር፣ ከሆቴል፤
"ቬልትሩድ፣ የቢራ እድፍ ከካፖርት በምን ይለቃል?"
ማን እንደደፋበት አልጠየቅኩም፤ እሱም አላለም።
"በለብታ ውኃ" አልኩት። ዝም አለ። ለዝምታ ሳሙና የለም።

ማዕድኑ ተዘጋ፤ ጉድጓዱ ላይ ሣር በቀለ፤
ክለቡም ከሊግ ወደ ሊግ ቁልቁል ተንከባለለ።
ኤግበርት ተመለሰ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ
ሴት ልጆች ያሠለጥናል፤ ክፍያው ሾርባ ነው፤ ዳቦ ከተገኘ ስጦታ።
አላፊ አግዳሚው ስሙን አያውቀውም፤
ሦስተኛው አግዳሚ፤ ይህኛው አይመታም፣ አያስቀምጥም።

ባለፈው ጥቅምት፣ በዝናብ፣ ፍጹም ቅጣት ምት።
ኔስሪን፣ የትራም ሹፌሩ ልጅ፣ ሦስት ቁጥር የለበሰች፣
እንደ እንቁላል አስቀመጠች፣ ሮጣ መታች።
ጓ!
እናቶች ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ።

እሱ በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ ገባ።
ምን ይላት ይሆን ብዬ አጥሩን ይዤ ቀረሁ፤
ሃምሳ ዓመት ያላለውን ዛሬ ይለዋል አልኩ።
ምንም አላላት።
ጎንበስ ብሎ የታኬታዋን የተፈታ ክር አሰረ፣
በጭቃ እጁ ትከሻዋን ነካ፣ ወደ አግዳሚው ዞረ።

ጡረታ ብወጣም ያን ማልያ ለምኜ ቤቴ ወሰድኩ።
ትከሻው ላይ አምስት ጣት።
ማሽኑን ከፈትኩ። ቆምኩ። መልሼ ዘጋሁ።
ሐሙስ ልጅቷ መጥታ ስትጠይቀኝ፣
"ገና አልደረቀም" አልኳት።